የዋንዛው ሥርና ሦስቱ እስትንፋስ

ንጉሥ ሳርዊድ በቀርሜዳ ዙፋን በተቀመጠ በዘጠነኛው ዓመት፥ በአንድ ቀትር፥ የሊባ ወንዝ ድምፁን አጣ። ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል፤ ከድንጋይ ይላተማል፤ ነገር ግን የሚሰማ ነገር የለም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ተያዩ። አንዲቱ «ጆሮዬ ነው ወይስ ወንዙ?» ብላ ሳትጨርስ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ በቤተ መንግሥቱ ግቢ የነጋሪቱ ቤት ወለል ተደረመሰ። አቧራው ሲያርፍ መብረቄ የተባለው ነጋሪት በቦታው አልነበረም። ከጉድጓዱ ውስጥ በሬ ጠምዶ የሚያሳልፍ የሚያህል የሆድ ዱካ ወደ ሰንጓ ተራራ ይሄዳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት በታች ሆነ።

መብረቄ ለጌጥ የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። በየዓመቱ ዘር ከተዘራ በኋላ ይጎሰማል፤ ሲጎሰም የሊባ ምንጮች ይከፈታሉ፤ ቀርሜዳ እንጀራዋን የምትበላው በዚያ ውሃ ነው። የዚያ ዓመት ዘር ደግሞ መሬት ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌዎች አፈሩን በጣታቸው አሽተው ዘሩ ሃያ አንድ ቀን ይታገሣል፥ ከዚያ በኋላ ይሞታል አሉ። ሰንጓ ደርሶ መልስ አሥራ አራት ቀን ነው።

ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም፤ ኩርዛ ነው። ኩርዛ አርጃኖ ይመስላል፤ ግን ከግንብ ይረዝማል፤ ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ዐይን የለውም። ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ በሆዱ ይሰማል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ደብራይ የተባለ ጀግና ብቻውን ሰንጓ ዋሻ ገብቶ አውሬውን ገድሎ ነጋሪቱን እንዳወጣ አዝማሪው ሁሉ ይዘፍናል። አሁን ግን አውሬው እንቁላል ትቶ እንደ ነበረ ታወቀ። ይህን የሚል ዘፈን አልነበረም።

ደብራይ ከሰንጓ ተመልሶ በከተማው ዳር የሽመል ቤት አቋቋመ፤ አሥራ ሁለት ቅጦችንም ለተማሪዎቹ አወረሰ። ቅጥ ማለት ያለ ባላጋራ የሚደረግ ፍልሚያ ነው። ተማሪው ሽመሉን ይዞ በተወሰነ እርምጃ ይሄዳል፥ ይዞራል፥ ይጎነበሳል፥ ይመታል፤ ፊት ለፊቱ ግን ማንም የለም። ዛሬ ያደረገውን ነገ ይደግመዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ወጣቶች ይህን አይወዱም። ወጣት የሚወደው ግጥሚያ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ማየት።

ከቅጦቹ ሁሉ የተጠላው አሥራ ሁለተኛው ነበር። አርባ አንድ እርምጃ አለው። ከሠላሳ ሦስተኛው እርምጃ በኋላ ተዋጊው ሽመሉን ዝቅ ያደርግና ሦስት እስትንፋስ ያህል ዝም ብሎ ይቆማል፤ ለምን እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ከዚያ ሽመሉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ይወጋል። የመጨረሻዎቹን ሰባት እርምጃዎች ደግሞ አየር አቅፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ተማሪዎቹ «ባዶ ገምቦ ማቀፍ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ መቆሚያዋንም አብዛኞቹ ይዘሏታል።

በሽመል ቤቱ ግቢ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረ። የደብራይ ተማሪዎች በመቃብሩ ላይ የተከሉት ነው። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ሥሩ እየወፈረ ወጥቶ የልምምዱን ሜዳ አቋርጧል። የመቃብር ዛፍ ስለሆነ ስለት አይነካውም፤ እንዲያውም ተማሪው ሁሉ ሲገባም ሲወጣም ሥሩን በእጁ ነክቶ ይሳለማል።

በዚያ ቤት ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ይታወቁ ነበር። አንዱ ዘርጋው ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጎልማሳ፥ በግጥሚያ ያልጣለው ሰው የለም። ሌላዋ ታንጉት ናት፤ በሦስት ዓመት ታንሰዋለች፤ በግጥሚያ የጣለችው ሰው የለም። ፊት ለፊቷ ሰው ሲቆም እጇ ያመነታል። ቅጥ ላይ ግን እንኳን እርምጃ እስትንፋስ አታሳልፍም። በየማለዳው አሥራ ሁለቱን ሁሉ ትሄዳቸዋለች፤ ዝናብ ቢሆንም፥ እግሯ ቢያብጥም። ዘርጋው «ታንጉት አየሩን ፈጅታ ጨረሰችው፤ መተንፈሻ አጣን» እያለ ያስቅባት ነበር።

በቤተ መንግሥቱ ምክር አራት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ዘርጋው ከንጉሡ ፊት ወጥቶ ሽመሉን ነቅንቆ ፎከረ።

«ዘራፍ! ኩርዛ ዐይን የለውም ይሉኛል፤ ደግ! ገዳዩን ሳያይ ይሞታል። ንጉሥ ሆይ፥ መብረቄን ሳላስመልስ የሊባን ውሃ ብቀምስ ጉሮሮዬ ይዘጋ! ከነጋሪቱ ቀድሜ ደጄን ብረግጥ የደብራይ አጥንት ይፋረደኝ!»

ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ጩኸቱ ሲበርድ የሽመል ቤቱ መምህር የኔታ ምሕርካ ብድግ አሉ። በቀስታ የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ንጉሥ ሆይ፥ ሺህ ዓመት ያንግሥዎ። ዘርጋው ሰው ይጥላል፤ የጣላቸውን ሳሽ የኖርሁ እኔ ነኝ። ነገር ግን ኩርዛ ሰው አይደለም። ደብራይ ከዋሻው ሁለት ነገር ይዞ ወጣ ይባላል፤ ነጋሪቱንና አሥራ ሁለተኛውን ቅጥ። ለምን እንዳበጀው አልነገረንም። ሳታጎድሉ ጠብቁ ብቻ አለን። እኔ ጉልበቴ ከድቶኛል። ዛሬ ሳታጎድል የምትጠብቀው አንዲት ልጅ ናት። ታንጉት ትሂድ።»

ከመኳንንቱ ጥቂቶቹ ሳቁ። ታንጉት ወደ ፊት ቀረበችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«የምፎክርበት ነገር የለኝም፥ ንጉሥ ሆይ። ከቅጡ አንዲት እርምጃ አላጎድልም። ባጎድል የእናቴ ማሳ በእህል ፈንታ ሾላካ ያብቅል።»

ንጉሡ ሁለቱንም ላከ። ከእነርሱ ጋር አባ ጉርሙ በበቅሎ ተነሡ። አባ ጉርሙ የመብረቄ ጎሳሚ ናቸው፤ ነጋሪቱ ሲገኝ የቆዳው ወጠር መላላት አለመላላቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ነጋሪታቸው ከጠፋ ወዲህ ማረፍ አልቻሉም፤ መንገዱን ሁሉ ኮርቻውን በጣታቸው ይደበድቡ ነበር፤ በቅሎዋም ተማረረች።

በሦስተኛው ቀን ጠፍ ሜዳ ላይ ለምሳ አረፉ። ዘርጋው ዳቦውን ጨርሶ አፉን አበሰ።

«እሜቴ ታንጉት፥ እስቲ ያንን ጭፈራሽን አሳዪኝ። አውሬው ቢጠይቀኝ አላውቅም ከምለው ብዬ ነው።»

«ታውቀዋለህ እኮ። የኔታ አስተምረውሃል።»

«በልጅነቴ ነው። መቆሚያዋ ላይ ስደርስ ትቼው ወጣሁ።»

ታንጉት ተነሥታ ሄደችው፤ እሱም ከኋላዋ ተከተለ። እሱ እርምጃውን እንደ ነገሩ ነው የሚረግጠው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ታንጉት ወደ ግራ አንድ ጫማ ፈቀቅ አለች፤ ዘርጋው ቀጥ ብሎ አለፈ።

«ተሳሳትህ» አለችው። «እዚህ ጋ ወደ ግራ ነው።»

«እሺ፥ ወደ ግራ ይሁን።» አስተካከለ።

አባ ጉርሙ ከበቅሏቸው ጥላ ሥር ሆነው ይመለከታሉ። «ልጄ፥ እዚያ ጋ ምን አለ የምትሸሺው?» ብለው ጠየቋት።

«ምንም የለም አባ። ቅጡ ነው።»

አባ ጉርሙ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተከራከሩም። ባለሙያ የባለሙያን ሥራ አይነካም። ዘርጋው ግን መቆሚያዋ ላይ ሲደርስ ሽመሉን ጥሎ ተቀመጠ።

«ይቺስ? ጠላት ፊትሽ ቆሞ ሦስት ጊዜ መተንፈስ ምን ማለት ነው? መሞቻ ናት።»

«አላውቅም» አለች ታንጉት። «የኔታንም ጠይቄያቸዋለሁ። ‹መምህሬ እዚህ ጋ ቆመዋል፤ እኔም እቆማለሁ› አሉኝ።»

«የማያውቁትን ነገር ሦስት መቶ ዓመት መድገም!»

«አንድ ጊዜ ከተዘለለች እኮ ትጠፋለች፤ ለምን እንደ ነበረች ማንም አያውቅም ማለት ነው። እኔ ባላውቅም ለሚያውቅ ሰው አቆያታለሁ።»

ዘርጋው ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማረፊያው አብሯት ይሄደው ጀመር፤ መቆሚያዋ ላይም ከእሷ ጋር ይቆማል። ቀልዱ ግን አልቀረም። ሰማይ ሲወጋ «ይቅርታ፥ አልነካሁህም?» ብሎ ወደ ላይ ይጠይቃል፤ አባ ጉርሙ እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ሰንጓ ደረሱ። ከዋሻው አፍ ላይ ድሮ ጭቃ የነበረ፥ አሁን ድንጋይ የሆነ መሬት አለ፤ በላዩም የሰው የእግር ዱካ ቀርቶበታል። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። አንድ ትልቅ እግርና አንድ ትንሽ እግር ጎን ለጎን ሆነው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ወደ ውጭ የወጣው ትንሹ ብቻ ነው፤ ሸክም እንዳለበት ሰው ተረከዙ ሰምጧል።

«ብቻውን ገባ አይደል የሚሉት?» አሉ አባ ጉርሙ።

«አዝማሪ እስከ ሁለት መቁጠር ያቅተዋል ማለት ነው» አለ ዘርጋው። ከዚያ ትልቁን ዱካ በራሱ እግር ለካው። ልክ መጣ።

የዋሻው ወለል ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ዘርጋው ጠጠር ወረወረ፤ አንዱ ድንጋይ እንደ ቃጭል ጮኸ። ሌላ ወረወረ፤ ያኛው ዝም አለ። ከዋሻው ጥልቅ፥ ከጣሪያው ቀዳዳ የቀትር ብርሃን ከሚወርድበት ሥር፥ መብረቄን ከብቦ የተኛው ኩርዛ ራሱን ቀና አደረገና መልሶ አስተኛ። የሚጮኸውንና የማይጮኸውን ድንጋይ በዐይን መለየት አይቻልም።

ታንጉት የዋሻው ደፍ ላይ ቆመች። የደፉ ስፋት በሽመል ቤቱ ግቢ የልምምዱ መጀመሪያ ከሆነው ድንጋይ ጋር አንድ ነው፤ እግሯ ወዲያው አወቀው። «ዘርጋው» አለች በሹክሹክታ፥ «ቅጡ መንገዱ ነው። እኔ የረገጥሁትን ብቻ ርገጥ።»

አባ ጉርሙ በሩ ላይ ቀሩ። ሁለቱ ገቡ። አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት። ድንጋዮቹ ዝም አሉ። በስድስተኛው እርምጃ ቅጡ ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ አሉ፤ ከጣሪያው የወረደው ሹል ድንጋይ ከፀጉራቸው በላይ አለፈ። በአሥራ አንደኛው በአንድ እግር ይዞራል፤ ዞሩ፤ ከአጠገባቸው ወለሉ ገደል ነበር። ሦስት መቶ ዓመት የሳቁበት ነገር ሁሉ ተራ በተራ ምክንያቱን አሳያቸው። ታንጉት ደስ አላት። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ አሳቧንም ተወችው፥ እግሯ ብቻውን ሄደ።

አሥራ ሰባት ላይ እግሯ ወደ ግራ አንድ ጫማ ፈቀቅ አለ።

ድንጋዩ ጮኸ። ዋሻው ሁሉ አብሮት ጮኸ። በዚያች ቅጽበት ታንጉት የዋንዛውን ሥር አየችው፤ ዋሻው ውስጥ የሌለውን፥ ግቢ ውስጥ ያለውን። ወደ ግራ ፈቀቅ ያስባላት ደብራይ አይደለም፤ ሥሩ ነው። ደብራይ ያንን ቅጥ ሲያስተምር ዛፉ አልነበረም፤ ራሱ ገና አልሞተም። ከሞተ በኋላ ተማሪዎቹ በመቃብሩ ላይ ተክለው፥ ሥሩን ላለመርገጥ ፈቀቅ ብለው፥ ፈቀቅታዋንም እንደ ቅርስ አወረሷት። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እዚህ ግን ያሳተው አክብሮት ነው። አንዲት እርምጃ አላጎድልም ብላ ምላ ነበር። እንዳትጨምር ግን ማንም አላስማላትም።

ኩርዛ ተነሣ። ታንጉት ወደ ቀኝ፥ ወደ ዝምተኛው ድንጋይ ተመለሰችና አሥራ ስምንት ብላ ቀጠለች። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። የአውሬው ጅራት ወለሉን ጠረገ፤ ሃያ ሁለት ላይ ቅጡ ይዘላል፥ ዘለለች። ራሱ እያነፈነፈ ከላይዋ አለፈ፤ ሃያ ስድስት ላይ ቅጡ ይተኛል፥ ተኛች። ዘርጋው ግን አሥራ ሰባት ላይ ቀርቷል። በሁለቱ መካከል የአውሬው ሆድ ስለ ተዘረጋ እግሯን ማየት አልቻለም።

ሠላሳ ሦስት። ከኩርዛ አገጭ በታች፥ ከነጋሪቱ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች። ቅጡ ሽመልሽን ዝቅ አድርጊ አለ፤ ዝቅ አደረገች። ቀና ብላ የአውሬውን ጉሮሮ አየች፤ ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ቅርፊት ተዘግቷል። ሽመሏ ጫፉ ብረት ነው፤ ቢሆንም ያንን አይበሳም። አውሬው ትንፋሿን ፈልጎ ራሱን ወደ እሷ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

ዘርጋው ይህን ሁሉ ከሩቅ አየ። በዋሻው አፍ ላይ ያየውን የሁለት ሰው ዱካም አስታወሰ። ማሰብ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ዘርጋው መቼም ፈጣን ነው።

«ዘራፍ!» አለና ከጀርባው ያንጠለጠለውን ጋሻ አውርዶ በሽመሉ ደበደበ። «ኧረ ወዲህ፥ አንተ ዕውር! የሽመል ቤት ጌታ እዚህ ነው!» በሚጮኸው ድንጋይ ላይ በሁለት እግሩ ዘለለ። «ታንጉት! መቆሚያሽን እንዳትዘዪያት! ገባኝ፥ ይህቺ የኔ ናት!»

የኩርዛ ራስ ከታንጉት በላይ አልፎ ወረደ።

አንድ እስትንፋስ። የጋሻው ድምፅ ተቋረጠ። ታንጉት ጉልበቷ ወደ እሱ ሊሮጥ ተነሣ፤ አልፈቀደችለትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህች መቆሚያ ከአርባ አንዱ እርምጃ ሁሉ የከበደችው ለምን እንደ ሆነ ገባት። ደብራይ እዚሁ ቆሟል። ባለ ትልቁ እግር ወንድሙ ይሁን ጓደኛው አናውቅም፤ ስሙን የያዘልን የለም። ደብራይ በዘፈን ሊናገረው አልቻለም፥ ወይም አልደፈረም፤ በተማሪዎቹ ሰውነት ውስጥ ግን አስቀመጠው።

ሁለተኛ እስትንፋስ። እንባዋ ወረደ፤ ሽመሏ አልተነቃነቀም።

ሦስተኛ። ኩርዛ የያዘውን ሊውጥ ራሱን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገ፤ የጉሮሮው ቅርፊት ተራ በተራ ተከፈተ። ታንጉት ያንን ምት ዐሥር ሺህ ጊዜ አየር ላይ መትታዋለች። አሁንም እንደዚያው መታች፤ ከአንድ ጊዜ የበለጠ አላስፈለገም።

አውሬው በግራ ወደቀ፤ ቅጡ በቀኝ ዞሮ ነበር። ታንጉት መብረቄን አቀፈችና ሰባቱን እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከዚያም በመጣችበት ወጣች። ታላቅነቱ በድምፁ እንጂ በቁመቱ አልነበረም፤ ልክ የገምቦ ያህል ነው። ክንዷ ክብደቱን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

በሩ ላይ አባ ጉርሙ ቁመው ይጠብቃሉ። ከኋላዋ የሚመጣ ካለ አዩ። ከዚያ ነጋሪቱን ተቀበሏትና መሬት ላይ አስቀምጠው፥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነኩት፥ አብረዋት ተቀመጡ።

«አባ፥ እኔ ነኝ» አለች። «እዚያ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ተሳሳትህ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«ልጄ፥ ሁለት ገብተው አንድ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ዱካውን አይተሻል።»

«ድንጋዩ ባይጮኽ ኖሮስ? ሌላ መላ ብናገኝስ?»

ይህን ዛሬም የሚመልስ የለም። አንድ ቀን እዚያው ዋሉ፤ የዘርጋውን ሬሳ ከአውሬው ሥር ማውጣት ስላልቻሉ ጋሻውን ከዱካው አጠገብ ቀበሩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ቀርሜዳ ገቡ። አባ ጉርሙ ወጠሩን አጥብቀው መብረቄን ጎሰሙት፤ ሊባ እየጮኸ ወረደ። ዘሩ በቀለ፤ የታንጉት እናት ማሳም በቀለ። ዘርጋው ነጋሪቱን ሳያስመልስ ደጁን አልረገጠም፤ መሐላው ተጠብቋል። እናቱ ግን የምትፈልገው መሐላ አልነበረም።

ንጉሡ ግብር አበላ፤ ታንጉትንም ሸለመ። አዝማሪው ማሲንቆውን አንሥቶ «ብቻዋን ገባች» ብሎ ጀመረ። ታንጉት ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ሁለት ነበርን» አለችው።

«እመቤቴ፥ ሁለት ለዜማው አይመችም» አለ አዝማሪው፥ ከልቡ አዝኖ። ሽልማቷን እዚያው ትታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያ ይዛ ሽመል ቤት ገባች። ተማሪዎቹ ከሥሩ ፊት ስትቆም አይተው ጮኹ፤ አንዱ ሮጦ የኔታ ምሕርካን ጠራ። የኔታ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ።

«ታንጉት፥ የመቃብር ዛፍ ነው።»

«አውቃለሁ፥ የኔታ። የደብራይን እርምጃ የሸፈነብን እሱ ነው። አሥራ ሰባተኛው ቀጥታ ነው።»

የኔታ ምሕርካ ሥሩን አዩት። ሰባ ዓመት ሙሉ ፈቀቅ ብለውለታል፤ ስንቱን ተማሪ ፈቀቅ አስብለዋል። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጥለው ተንበረከኩና እንዳይንሸራተትባት የሥሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙላት። ታንጉት እስኪቆረጥ ድረስ መታች፤ ዛፉን ግን አልነካችውም።

የኔታ ካረፉ በኋላ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። በግጥሚያ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ማንንም አልጣለችም ይባላል። አሥራ ሁለተኛውን ቅጥ ግን እንደ እሷ ያስተማረ የለም። አንድ ማለዳ አዲስ የገባ ተማሪ ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ሽመሉን ዝቅ አደረገ፤ ወዲያውም ሰለቸውና ዞር አለ።

«እመቤቴ፥ እዚህ ጋ ምን እየሠራን ነው?»

«ቁም» አለችው ታንጉት። «ዘርጋው እየሞተልህ ነው።»

ተማሪው ቆመ። ከኋላው ያሉትም ሁሉ ቆሙ። ሦስት እስትንፋስ ያህል በዚያ ግቢ የተሰማው የሊባ ድምፅ ብቻ ነበር።